ዳማ የጨፈረ መስሎን

ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ የምጀምረው ፈረሱ ከወደቀበት ነው። ሰሚው ደንግጦ አፉን በእጁ ይይዛል፣ እኔም "አይ፣ የሆነው ሆነ" ብዬ እገላገላለሁ። ፈረሱ ከመውደቁ በፊት የነበሩትንና ከወደቀ በኋላ የመጡትን ቀናት ግን ለብዙ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነዋ። ዛሬ ከመጀመሪያው ልናገረውና እናንተ ፍረዱኝ።

ብርቅነሽ እባላለሁ፤ የሰፈር ሰው ብርቄ ይለኛል። ጌጃ ሰፈር ውስጥ የአባቴ የኮርቻና የልጓም መሥሪያ ቤት አለች። ቤት ከምላት ጠባብ መተላለፊያ ብላት ይቀላል። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ በሯ ላይ ተቀምጦ ቆዳ ሲሰፋ ኖሯል። ዛሬ በደጃችን የሚያልፈው አብዛኛው ሰው ፋይል ታቅፎ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚጣደፍ ባለጉዳይ ነው፤ ጎራ ካለም የሚጠይቀን ቀበቶ ወይም የሴት ቦርሳ ነው። ቢሆንም ጥምቀትና ሠርግ ሲደርስ ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ ፈረስ ያላቸው ሰዎች ዛሬም እኛን ፈልገው ይመጣሉ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን ክረምት ላይ ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው መርፌውና ወስፌው ወደ እኔ ዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ሰው ነው። ደንበኛ ይመጣና እኔን አልፎ አባቴን ያናግራል። አባቴ በግራ እጁ ወደ እኔ ሲጠቁም የደንበኛው ፊት ይጨልማል። አንዱማ "ሴት የሰፋችው ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ሰው ምን ይለኛል?" ብሎኝ ሄዷል። ስቄ ሸኘሁት። የሳቅሁት በጥርሴ ነበር እንጂ ቃሉ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አባቴ የማይሽረው አንድ ሕግ ነበረው። የፈረሱን አፍ በራሱ አውራ ጣት ሳይዳስስ ልጓም አይሰጥም። ሌሎች ሠሪዎች ባለቤቱ የአፉን ስፋት በክር ለክቶ ያመጣላቸውና ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አባቴ ክር ይዞ ለመጣ ሰው "ክር ስፋቱን ይነግረኛል እንጂ ሕመሙን አይነግረኝም" ይለዋል። ከዚያ ፈረሱ ድረስ ሄዶ፣ በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መካከል ባዶ በሆነችው ድድ ላይ ጣቱን አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ልጓም የሚመርጠው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉትን ሁለቱን ልጓሞች ልንገራችሁ። አንደኛው ብረቱ ቀጭን ያልሆነ፣ ከመሃሉ የሚታጠፍ፣ ምላስ ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍ ነው፤ ለስላሳው እንለዋለን። ሁለተኛው የጥንቱ ባለ ቀለበት ነው። መሃሉ ወደ ላይ የቆመ ብረት አለው፣ ከእሱ ላይ ደግሞ አንድ የብረት ቀለበት ይንጠለጠላል። ፈረሱ ሲለጎም ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ ያቅፋል። ዛቡ፣ ጋላቢው በእጁ የሚይዘው ጠፍር፣ ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይገፋል፣ ቀለበቱ አገጩን ይጨምቃል። አባቴ የሠራው ድሮ፣ ሰው ለገደለ አንድ አስቸጋሪ ድንጉላ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሚስማሩ ወርዶ አያውቅም።

የጥር ወር ነው፣ ሐሙስ ቀን። ጋሽ ቦጋለ ከልጃቸው ከዳዊት ጋር መጡ። ጋሽ ቦጋለ አብነት ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው፣ ወንድማቸው ሰበታ በኩል ፈረስ የሚያረባላቸው፣ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። ዳዊት ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ በተናገሩ ቁጥር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ።

"እንዴት ነህ ወዳጄ?" አሉት አባቴን። "ልጓም ፈልጌ ነበር፤ አሁን ማን ይሠራልኛል?"

አባቴ ኮልተፍ ባለው አንደበቱ፣ "ልጄ" አለ።

ጋሽ ቦጋለ አዩኝና ተነፈሱ። "እሺ እንግዲህ። እሑድ የዳዊት ሠርግ ነው። መኪናማ ማንም ይከራያል፤ የእኔ ልጅ ሙሽራዋን በፈረስ ነው የሚወስዳት። ታዲያ ፈረሱ እንደ ጭነት አህያ አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ አልፈልግም። አንገቱን ሰብሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ እየጨፈረ እንዲገባልኝ ነው የምፈልገው።"

"አባዬ፣ ዳማ ገና አራት ዓመት አልሞላውም" አለ ዳዊት። "እስከ ቅርብ ጊዜ በገመድ ነበር የምመራው። ደንባራ ነው፣ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።" ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ለስላሳውን ልጓም በሁለት እጁ አነሳው። "ይቺን ብንወስድ ነው የሚሻለው፣ እትዬ ብርቄ።"

አባቱ ግን ዓይናቸው ከዚያኛው ሚስማር ላይ ነበር። "ያ! የፈረስ ልጓም ማለት ያ ነው!"

"ጋሼ፣ የትኛውም ይሁን መጀመሪያ አፉን ልይ" አልኩ። "ነገ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።"

ከኪሳቸው ቋጠሮ ያለው ክር አወጡ። "ለክቼ አምጥቼልሻለሁ እኮ!"

"ክሩ አይበቃም" አለ አባቴ ከተቀመጠበት። ጋሽ ቦጋለም ለወግ ያህል ሳቁና ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት አብነት ግቢያቸው ስደርስ ድንኳን ተካዮች፣ ወንበር አውራጆች፣ የዳዊት አጎቶችና ጓደኞች ግቢውን ሞልተውታል። ዳማ ከግቢው ጥግ ታስሯል። ስሙ የመልኩ ነው፤ ሰውነቱ ቀይ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነጥብ ያለው። ብረት በተጋጨ ቁጥር ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ዳዊት አንገቱን አቅፎ በጆሮው የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክለት ግን ጭንቅላቱን ወደ ልጁ ትከሻ ጣል አደረገ። እንዲህ የሚወድ ፈረስ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

አውራ ጣቴን አስገባሁ። ድዱ አብጧል፣ ይፋጃል። ጥርስ እየቀየረ ነበር። አልነከሰኝም፣ አልተራገጠም፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ለምን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚዳስስ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱም፣ ሰውየውም ፈረሱም፣ የሚሰሙት ያንኑ ሕመም ነው።

"ጋሼ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ፈረሱ ጥርስ እየቀየረ ነው። ድዱ ቆስሏል። ባለ ቀለበቱ ይጎዳዋል፤ ለስላሳውን ላድርግለት።"

ይህን ብያለሁ። ፈጣሪም ዳዊትም ምስክሮቼ ናቸው። ያልኩት ግን አንድ ጊዜ ነው።

ጋሽ ቦጋለ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። "ሰማችሁ? ፈረሳችን ጥርስ እያወጣ ነው አሉ! በሉ ጡጦ አምጡለት!" ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ድንኳን ላይ የወጣው ሰው ሳይቀር ገመዱን ለቆ ሳቀ። "ስሚ ልጄ፣ አባትሽ ጤነኛ ቢሆን ይህን ጊዜ ለጉሞ፣ ሻይውን ጠጥቶ፣ ሄዶ ነበር። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ካቃተሽ ያቃተሽን ንገሪኝና መርካቶ ወንድ ልፈልግ።"

"አዎ፣ መርካቶ ይሂዱ" ብዬ ሁለቱን ልጓሞች ጠቅልዬ ብወጣ ምን እሆን ነበር? ምንም። ግን ያ "ሴት የሰፋችው" ያለኝ ሰውዬ ቃል ሆዴ ውስጥ ተነሳ። የዚያ ሁሉ ወንድ ዓይን እኔ ላይ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ነገር ያዘኝና ባለ ቀለበቱን አነሳሁ።

በገዛ እጄ ነው የለጎምኩት። ቀለበቱን በመንጋጋው ላይ ሳሳልፍ ዳማ ጥርሱን ገጥሞ እምቢ አለ፤ እኔም አባቴ ባስተማረኝ መንገድ የአፉን ጥግ ተጭኜ አስከፈትኩት። አባቴ ያን ያስተማረኝ ለዚህ አልነበረም። ማሰሪያውን አጥብቄ ዛቡን ለዳዊት ስሰጠው ፈረሱ አንገቱን ወደ ላይ ሰበረ፣ በጎኑ ተራመደ፣ የፊት እግሮቹን ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ያደርግ ጀመር። አፉ በአረፋ ተሞላ።

"ጨፈረ!" አለ አንዱ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ቦጋለ መጥተው ትከሻዬን መቱኝ። "የአባትሽ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ!"

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ከክረምት ጀምሮ የጠበቅኩት ቃል ነበር። ፈረሱ ዓይኑ ነጭ ነጩ እየታየ፣ እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜ ነበር።

ልወጣ ስል ዳዊት በሩ ላይ ደረሰብኝ። "እትዬ ብርቄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እውነት ምንም አይሆንም?"

"አንተ ዛቡን ላላ አድርገህ ያዝ እንጂ ምንም አይሆንም" አልኩት።

"እሺ። አንቺ ካልሽ።"

ቤት ስገባ አባቴ፣ "አፉን አየሽ?" አለኝ።

"አየሁ።"

"የትኛውን ሰጠሽ?"

"ለስላሳውን።" ይህን ያልኩት ለስላሳውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሚስማሩ ላይ መልሼ እየሰቀልኩ ነው። ልማድ ነው፣ እጄ ሳላስበው ሰቀለው። አባቴ የተሰቀለውን አየ፣ ባዶውን ሚስማር አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ያን ቀንም፣ ቅዳሜም አላናገረኝም።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አጀቡ ከአብነት ተነሳ። የሙሽሪት ቤት ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ዳዊት ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ ጓንት አድርጎ ዳማ ላይ ተቀምጧል። ፈረሱን ቀይ ዘርፍ ባለው ጌጥ አሽሞንሙነውታል። ከፊት ከበሮ፣ ከኋላ ባለ ፊኛ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ዳማ በየእርምጃው አንገቱን ይሰብራል፣ በጎኑ ይራመዳል፤ ሰውም እልል ይላል። ስልክ ያላነሳ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቦጋለ ከፊት ከፊት እየሄዱ ግራ ቀኝ ሰላምታ ይሰጣሉ።

እኔ በእግረኛው መንገድ ከጎኑ ነበርኩ። ወደ ልደታ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ፈረሱ ጭንቅላቱን ሲያወራጭ አረፋው የዳዊት ጓንት ላይ ተረጨ። ጓንቱ ላይ ያረፈው ነጭ አልነበረም። ሮዝ ነበር።

"ዳዊት! ውረድ!" ብዬ ጮህኩ። ከበሮውና ጥሩምባው ድምፄን ዋጠው። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ልደርስበት ስሞክር ከኋላው ያለው መኪና በረጅሙ ጥሩምባውን ነፋ። ዳማ ተስፈነጠረ። ዳዊት እንዳይወድቅ ዛቡን ያዘ፤ ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ቀለበቱ ጨመቀው መሰለኝ፣ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ።

ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እንደ ጭፈራ ነው ያዩት። "ድገመው! ድገመው!" የሚል ድምፅ ሁሉ ሰምቻለሁ። ዳማም ደገመው። በሁለተኛው ግን አዲስ የተነጠፈው የሚያንሸራትት የመንገድ ንጣፍ ላይ የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ ወደ ኋላው፣ በጀርባው፣ ዳዊት ላይ ወደቀ።

እልልታው ወዲያው አልቆመም። ከሩቅ ያሉት ያላዩት ቀጥለውበት ነበር። እስከ ዛሬ በሠርግ እልልታ ስሰማ ጆሮዬን የምይዘው ለዚህ ነው።

ዳዊት አልሞተም። ዳሌውና የቀኝ ጭኑ ተሰባበረ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሠርገኛው በሠርግ ልብሱ ሣር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ሙሽሪት ሂሩት ቬሏን እጇ ላይ ጠቅልላ በሩን ብቻ ታያለች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በሕይወት እንደሚተርፍ፣ ይራመድ አይራመድ ግን እንደማያውቅ ነገረን።

ያን ጊዜ ነው ሰው ጥፋተኛ መፈለግ የጀመረው። "ሰይጣን ያደረበት ፈረስ ነው" አለች አንዷ አክስት። "ስነግራችሁ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ያለው ነጥብ ገደኛ አይደለም" አለ ሌላው። ጋሽ ቦጋለ ተነስተው ቆሙ። "ያ አውሬ ከእንግዲህ እኔ ግቢ አይኖርም። ለጅብ ነው የምሰጠው!"

ሁለት እርምጃ ያህል ነው የምርቃቸው። "ጋሼ፣ ፈረሱ አይደለም" ማለት ሦስት ቃል ነው። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አሁን ሐዘን ላይ ናቸው፣ ትንሽ ይብረድላቸው፣ የቁጣ ቃል ነው እንጂ አያደርጉትም፤ ለራሴ እንዲህ እያልኩ አባበልኩት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። ማግስቱን ሰፈሩ ሁሉ "ሴት የሠራችው ልጓም ልጅ ሰበረ" እንደሚል አውቃለሁ።

ሰኞ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። የጎረቤቴ ባለ ሱቅ "አየሽው?" ብላ አምጥታ አሳየችኝ። ከቅርብ የተቀረፀ ነው። ዳማ ሲቆም አፉ ተከፍቶ ይታያል፤ ምላሱ በብረቱ ሥር ተጣጥፎ፣ ሮዝ አረፋው እስከ ደረቱ ወርዷል። ከሥሩ የሚሰማው ሳቅና እልልታ ነው። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። አይቶ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አየው።

"ሰሪው ማነው?" አለኝ።

"አንተ።"

"ያጠለቀውስ?"

ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩ። "ፈረሱ የት ነው ያለው?" አለ ቀጥሎ። ጋሽ ቦጋለ ያሉትን ነገርኩት። ግራ እጁን አነሳና በሩን አሳየኝ። "ሂጂ።"

ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነበር። ከቤታችን እስከ እሳቸው ግቢ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። "ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አባዬ፣ ዛሬ ሆስፒታል ናቸው" አልኩት። ሆስፒታል መሆናቸውን አላውቅም ነበር። አባቴ እጁን አላወረደም። እኔም ቆዳ አንስቼ መስፋት ጀመርኩ።

ማክሰኞ ማለዳ ስደርስ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ጋሽ ቦጋለ ባዶ ወንበሮች መሃል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የግቢው ጥግ ላይ የታሰረ ነገር የለም።

"ጋሼ፣ ዳማስ?"

"ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአይሱዙ ወሰዱት። ከሰበታ ወዲያ ገደሉ አፍ ላይ አስረውት ተመለሱ።"

አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። "ፈረሱ አላጠፋም" አልኩ። አሁን ቃሉ እየተንደረደረ ወጣ። "ልጓሙ ነው። ድዱ እንዳበጠ አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ነው የለጎምኩት። ሰዎቹ ሲስቁብኝ አፍሬ ነው። ዳዊት ሲጠይቀኝም ዋሸሁት።"

ጋሽ ቦጋለ ከወንበሩ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። ባለ ቀለበቱ ነበር። ደሙ ደርቆ ቀለበቱ ላይ ተጋግሯል።

"እሑድ ከሆስፒታል ስመለስ፣ ሲያወልቁለት ቆሜ ነበር" አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። "ምላሱ ሊቆረጥ ጥቂት ነው የቀረው። አይቻለሁ ብርቄ። አይቼ ነው የላክሁት።"

"ለምን ጋሼ?"

"ልጄን የሰበርኩት እኔ ነኝ ከምል፣ ፈረሱ ነው ማለት ቀለለኝ።" ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። "ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ቢነግረኝ ግን ልልከው አልችልም ነበር። እንዲያው አንድ ሰው ቢነግረኝ።"

ተያይዘን ሄድን። መኪናውን የነዳው ልጅ ቦታውን አሳየን። ሠላሳ እርምጃ ያህል የተረገጠ ሣር፣ የተበጠሰ ገመድ፣ አንድ ሰኮና፣ ከሠርጉ ጌጥ ሳይፈታ የቀረ ቀይ ዘርፍ። ገመዱ የተበጠሰው በማኘክ አልነበረም፤ ሲታገል ነው። በዚያ በቆሰለ አፍ ማኘክማ አይችልም። ጋሽ ቦጋለ ዘርፉን አንስተው ኪሳቸው ከተቱትና ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ ዳዊት ነቅቷል ተባለ። ሂሩት አጠገቡ ነበረች። ከንፈሩ ደርቋል፤ እግሩ በብረት ተወጥሯል። አባቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ዳማ ተጎዳ እንዴ?" ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

ጋሽ ቦጋለ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ውሸት መሸከም አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ የዓርቡን፣ የእሑዱን፣ የሰኞውን አሥር ሰዓት፣ የማክሰኞውን ገመድ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ብቻ ዓይኑ ሞላ።

"ላላ አድርጌ ይዤው ነበር እኮ" አለኝ። "እንዳልሽኝ፣ ላላ አድርጌ።"

ከክፍሉ ወጣሁ።

እነሆ ሦስት ዓመት ሆነው። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ከመሞቱ በፊት ይቅር ብሎኛል፤ በአፉ ሳይሆን አንድ ቀን ደንበኛ ሲመጣ ዝም ብሎ መርፌውን በግራ እጁ አቀብሎኝ ነው። ሰፈሩ ይላል ብዬ የፈራሁትን ሁሉ ብሏል፣ ጆሮዬም ችሎታል። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ሲመጣ ከአንድ ሳምንት በላይ አላወሩትም። ለአንድ ሳምንት ወሬ ነው ያን ፈረስ የሰጠሁት።

ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። እናንተ የምታነቡኝ፣ የምታውቁትን ነገር ለመናገር ነገን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ተነሱና ሂዱ። ከዚህ የበለጠ የምመክረው የለኝም።

ዳዊትና ሂሩት ተጋብተዋል፤ ሥርዓቱ እቤት፣ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የተፈጸመው። ሱቄ የመጣው ከስምንት ወር በኋላ በሁለት ምርኩዝ ነው። ገብቶ ተቀመጠና "ያቺን አሳይኝ" አለኝ። ለስላሳውን አወረድኩለት። በእጁ አገላብጦ አየና አስቀመጠው። "አሁን ያኛውን።"

ባለ ቀለበቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። እንደገና ከሚስማር ላይ ሰቅዬው አላውቅም። ዳዊት ሸሚዙን ጠቅልሎ የግራ እጁን አንጓ ቀለበቱ ውስጥ አስገባ። ዛቡን እኔ እጅ ላይ አኖረው።

"ሳቢው።"

"ዳዊት፣ ተው በናትህ።"

"እትዬ ብርቄ፣ ሳቢው።"

ሳብኩት። በቀስታ ነው የሳብኩት፣ ሕፃን የሚስበውን ያህል። ፊቱ ተኮማተረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ከዚያ "በቃ!" አለና እጁን አወጣ። አንጓው ላይ ቀይ ቀለበት ቀርቷል። እያሸው፣ "ከአብነት እስከ መታጠፊያው ድረስ" አለ ለራሱ። "ያን ሁሉ መንገድ እኔን ላለመጣል ነው የታገሰው።"

ለስላሳውን ይዞ ሄደ። ፈረስ የለውም፤ እቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል አሉ።

ባለ ቀለበቱ ግን ዛሬም እኔ ጋ አለ። "ፈረሴ እንዲጨፍርልኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ከመሳቢያ አወጣውና "እጅዎን ያስገቡ" እለዋለሁ። ይስቃሉ፣ ያስገባሉ፣ እስባለሁ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉት፤ "በቃ! በቃ!" ይላሉ፣ እኔም ወዲያው እለቃለሁ። ዳማ "በቃ" የሚልበት አፉ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አስቀድሜ የዘጋሁበት እኔ ነኝ።